መጀመሪያ ላቫንዲኖ የገዛሁ ሞኝ

ከጥፋቴ ልጀምር። ኪችናችንን ለማደስ ያሰብን ሰሞን፣ ገና ግድግዳ ሳይለካ፣ ገና አናጢ ሳይጠራ፣ እኔ ላቫንዲኖ ገዝቼ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ያንን ነጭ፣ ሰፊ፣ ጥልቅ፣ ፊቱ ከካቢኔቱ ወጣ ብሎ የሚታየውን። እዚህ አሜሪካ ፋርምሃውስ ሲንክ ይሉታል። ቅናሽ ላይ ነበር፣ ስፋቱ 33 ኢንች፣ ዋጋው ከ700 ዶላር ትንሽ አለፍ ያለ። ቅናሽ ካየሁ ደግሞ እኔን የሚይዘኝ የለም።

ካርቶኑ ሲከፈት እናቴ ዙሪያውን እየዞረች አየችው። «ይሄ ምንድን ነው፣ የከብት ገንዳ?» አለችኝ። ሳቅን። በኋላ ስለ ዕቃው ሳነብ ግን አባባሏ ከእውነቱ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ቤታችን ሜሪላንድ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ። በፈረንጆች 1957 የተሠራች፣ ባለ ቀይ ጡብ ጠባብ ቤት ናት። እርሻ የለ፣ ከብት የለ፣ ጓሯችን ያለው አንድ የሜፕል ዛፍና ሁለት ሽኮኮ ነው። ያም ሆኖ ስልኬ ላይ ለዓመታት ያጠራቀምኳቸው ፎቶዎች በሙሉ የገበሬ ቤት ኪችን ናቸው፤ ነጭ ካቢኔት፣ የእንጨት ወለል፣ ክፍት መደርደሪያ፣ መስኮት ስር ያ ላቫንዲኖ። ለእማዬ ሳሳያት «እኛ ከገበሬ ቤት ለመውጣት ስንት ለፋን፣ አንቺ በዶላር ልትመለሺ ነው?» አለች። እሷ ያደገችው ሰላሌ ገጠር ነው። የምታውቀው የገበሬ ማድቤት ከዋናው ቤት ተነጥሎ የቆመ፣ ጣሪያው ጥላሸት የለበሰ፣ ሦስት ጉልቻ ያለበት ነው። ነጭ የሚባል ነገር አልነበረበትም።

ነገሩ ገባኝ፣ ትንሽ ዘግይቶ ቢሆንም። የገበሬ ማድቤት የትም አገር ይሁን፣ እዚያ ለሚሠራው ሥራ ተብሎ ነው የተሠራው። እኔ ደግሞ ከፎቶው ነበር የጀመርኩት።

ስለ ላቫንዲኖው ትንሽ ላውራ፣ ገንዘቤ እዚያ ነውና። የቅርጹ አያቶች እንግሊዞች ቤልፋስት ሲንክና ለንደን ሲንክ የሚሏቸው የድሮ ላቫንዲኖዎች ናቸው። ጥልቅ የሆኑት ቤት ውስጥ እንደልብ የቧንቧ ውሃ ባልነበረበት ዘመን ውሃ ተቀድቶ እዚያ ይጠራቀም ስለነበር ነው ይባላል። በእንስራ ውሃ ለቀዳ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። ፊቱ የወጣውም ለውበት ብቻ አይደለም። የሚያጥበው ሰው ተጠግቶ እንዲቆም ነው፤ የሚረጨው ውሃም በሸክላው ፊት ይወርዳል እንጂ እንጨቱን አያበሰብስም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚያጥብ ሰው የታሰበ ዕቃ ነው። ለዚህ ነው የወደድኩት፣ አሁንም እወደዋለሁ። ባለቤቴ ረጅም ስለሆነ ታችኛው ድረስ ለመድረስ ይጎብጣል፤ ዕቃ ማጠብ ያቆምኩት ወገቤን ስለሚያመኝ ነው ይላል። ከዚያ በፊትም አያጥብም ነበር።

የኛው ፋየርክሌይ ከሚሉት ነው። ባጭሩ ሸክላ ነው፣ መስታወት የመሰለ ልባስ ተቀብቶ በጣም ከፍ ባለ ሙቀት የተቃጠለ። «ሸክላማ ይሰበራል» አለች እማዬ። በቀላሉ አይሰበርም፣ ግን የብረት መጥበሻ ከላይ ቢወድቅበት ሊሸረፍ ይችላል፣ ስለዚህ ከታች የሽቦ ፍርግርግ አንጥፈንበታል። እርድ ሲነካው በቤኪንግ ሶዳ ይታሻል፣ ይለቃል። ሸክላ የሚያስፈራችሁ ስቴንለስ ስቲል ውሰዱ። ስትገዙ ጌጅ የሚባለውን ቁጥር እዩ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብረቱ ይወፍራል፣ ስለዚህ 16 ከ18 ይሻላል። እኔ በተቃራኒው ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ጉድጓድ ወይስ ሁለት የሚለው ክርክር ደግሞ እኛ ቤት አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ከሆነ ትልቁ ድስት አንዱም ውስጥ አይተኛም። ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ የሚያጥብ ሰው ሰፊ ቦታ ነው የሚያስፈልገው። አንድ።

አሁን ወደ ጣጣው። 33 ኢንች ላቫንዲኖ 36 ኢንች ካቢኔት ይፈልጋል፣ የኛ 30 ነበር። ክብደቱም አለ፤ ባዶውን ከ50 ኪሎ በላይ ነው፣ ውሃ ሲሞላ 130 ኪሎ ይጠጋል፣ ስለዚህ እንደ ተራው ላቫንዲኖ ካቢኔቱ ላይ ከሚነጠፈው ድንጋይ (ካውንተር) ስር አይንጠለጠልም፣ ካቢኔቱ ውስጥ ከወፍራም ጣውላ የተሠራ የራሱ መቆሚያ ይፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ እንኳ ይቻላሉ። ገንዘባችንን የበላው ፍሳሹ ነው። የድሮው ላቫንዲኖ ጥልቀቱ 7 ኢንች ነበር፣ አዲሱ 10። ሦስት ኢንች ምን ያመጣል ትላላችሁ። ግድግዳው ውስጥ ያለው የፍሳሽ ቱቦ የተገጠመው ለድሮው በሚሆን ቁመት ነው። አዲሱ ወደ ታች ሲወርድ፣ ከስሩ ደግሞ የምግብ ትራፊ መፍጫው ሲጨመርበት፣ የላቫንዲኖው መውጫ ከግድግዳው ቱቦ በታች ሆኖ ቁጭ አለ። ውሃ ደግሞ ዳገት አይወጣም። የቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳውን ቀዶ ቱቦውን ዝቅ አደረገው። የቅናሹ ትርፍ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ቀረ።

ለራሴ ጥብቅና ልቁም ካልኩ አንድ ነገር አለኝ። ሸክላ ሲቃጠል ስለሚኮማተር የአንዱ ልክ ከሌላው ትንሽ ይለያያል፣ አምራቾቹም ላቫንዲኖው እጃችሁ ሳይገባ ድንጋይ አታስቆርጡ ይላሉ። ስለዚህ ቀድሞ መግዛቱ ስህተት አይደለም። ሳይለኩ መግዛቱ ነው።

እና ለካን። ኪችናችን 11 በ13 ጫማ ነው። ባለቤቴ መሃሉ ላይ አይላንድ (ለብቻው የሚቆም ካቢኔት) ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ወረቀት አወጣን። 11 ጫማ 132 ኢንች ነው። ግራና ቀኝ ካቢኔት ብንደረድር እያንዳንዱ ከነድንጋዩ 25 ኢንች ይወስዳል፣ ይቀራል 82። መሃል ላይ 24 ኢንች አይላንድ ብናቆም በየጎኑ 29 ኢንች መተላለፊያ። እዚህ አገር የኪችን ባለሙያዎች አንድ ሰው ለሚያበስልበት 42፣ ሁለት ሰው ለሚያበስልበት 48 ኢንች ነው የሚመክሩት። በ29 ኢንች የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ (የዲሽዋሸሩ) በር ከተከፈተ ሰው አያልፍም። አይላንዱ በሂሳብ ሞተ፣ ባለቤቴ ግን አልሞተም።

ስለ ኪችን አቀማመጥ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ሦስት ማዕዘን ሳያነሳ አያልፍም፤ ላቫንዲኖ፣ ምድጃና ፍሪጅ። በ1940ዎቹ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዳበረ ሐሳብ ነው፤ የሦስቱ ጎን ድምር ከ13 ጫማ አይነስ፣ ከ26 አይብለጥ ይላል። ጥሩ ነው፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ፣ የኛ 17 ጫማ ወጣ። ግን ያ ሦስት ማዕዘን አንዲት ሴት ለብቻዋ ስታበስል ታስቦ ነው። የፋሲካ ዋዜማ እኛ ቤት ኑና እዩ። እማዬ ዶሮ ትበልታለች፣ እህቴ ሽንኩርት ላይ ታለቅሳለች፣ እኔ እንጀራ እጋግራለሁ፣ አክስቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁላችንንም ታዛለች። አክስቴን ያሰበ ሦስት ማዕዘን የለም።

ምጣድም የለበትም። በነገራችን ላይ እዚህ ብዙ አበሻ የሚጋግርበት ባለ 16 ኢንች የኤሌክትሪክ ምጣድ ለኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ለፍሳ ለሚባለው የኖርዌዮች ቂጣ ተብሎ አይዋ ውስጥ የሚመረት ነው። ኖርዌዮች ሳያውቁት ባለውለታችን ናቸው። ይሄ ምጣድ ግን ቦታ ካልተሰጠው ዕድሜ ልኩን ስደተኛ ነው፣ ከካቢኔት ይወጣል፣ ይጋገርበታል፣ እስኪበርድ መንገድ ይዘጋል፣ ይመለሳል። መደበኛው ካውንተር ቁመቱ 36 ኢንች ነው። እማዬ 5 ጫማ ናት። ምጣዱ ካውንተር ላይ ሲቀመጥ ሊጡን የምታዞረው ክንዷን ወደ ላይ ሰቅላ ነው፣ ሦስተኛው እንጀራ ላይ ትከሻዬ ትላለች።

ስለዚህ ምጣዱን ጠረጴዛ ላይ አወረድነው። 30 ኢንች ቁመት ያለው ተራ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ከሰው የተገዛ፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ ስለነበር ካርቶን አጥፈን ከስሩ ያስገባንበት። ለካ የድሮዎቹ የአሜሪካ ገበሬ ቤቶችም አይላንድ አልነበራቸውም፤ ጠረጴዛ ነው የነበራቸው። ሊጥ የሚታሸው እዚያ፣ አትክልት የሚከተፈው እዚያ፣ የሚበላውም እዚያው። ፎቶዎቼን ሁሉ ከድጄ ወደ እውነተኛው የገበሬ ቤት የቀረብኩት በዚህ በኩል ሆነ። ካቢኔቶቹ በሁለት ግድግዳ ላይ በኤል ቅርጽ ተደረደሩ፣ ጠረጴዛው ከነሱ ትይዩ ካለው ግድግዳ ተጠጋ፣ መሃሉ 77 ኢንች ተረፈ። ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው፤ ረከቦት ይዘረጋበታል፣ በርጩማ ይደረደርበታል። ጠረጴዛው አጠገብ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ባለ 20 አምፔር መስመር አስጎተትን። ከዚያ በፊት ምጣዱና ማይክሮዌቩ አንድ ላይ ከበሩ ብሬከሩ ይወርድ ነበር፣ እንጀራውም ግማሽ ጎኑ ዓይን ሳያወጣ ይቀር ነበር።

ጭስ መሳቢያው ላይ ብዙ አልቆይም። አየሩን ወደ ውጭ የማያወጣ ከሆነ አትግዙት። የድሮው የኛ የቁሌቱን ሽታ ስቦ፣ በወንፊት አሳልፎ፣ መልሶ ፊታችን ላይ ይተፋው ነበር። በደቂቃ ከ400 ኪዩቢክ ጫማ በላይ የሚስበውን ልግዛ ካላችሁ ደግሞ ብዙ ቦታ የግንባታ ደንቡ የሚወጣውን አየር የሚተካ ማስገቢያ ይጠይቃል፣ ቀድማችሁ አጣሩ። ክፍት መደርደሪያውንም እዚሁ ላይ ሰረዝኩት። ፎቶ ላይ ነጭ ሳህን ተደርድሮበት ሲታይ አንጀት ይበላል። ሽንኩርትና ቅቤ በሚቁላላበት ቤት ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳህኑ ጣት ላይ ይጣበቃል። በር ያለው ካቢኔት ይሁንልኝ።

ነገሩ የጠጠረው ወለሉ ላይ ነው።

እኔ የፈለግኩት ኦክ ነበር፣ ሰፋፊ ጣውላ፣ የሚጮኽ እውነተኛ እንጨት። የድሮ ገበሬ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚነጠፉት በፓይን ነበር፣ እሱን ግን ገና ከጅምሩ ተውኩት። የእንጨት ጥንካሬ የሚለካበት ጃንካ የሚባል ሚዛን አለ፤ ቀይ ኦክ 1,290 ሲያገኝ ነጩ የምሥራቅ ፓይን 380 ነው። 380 ላይ ዘነዘና ሲወድቅ አስቡት።

ሠራተኞቹ አሮጌውን ቪኒል (የፕላስቲክ ንጣፍ) ሲያነሱ ከስሩ 9 ኢንች በ9 ኢንች የሆኑ ጠቆር ያሉ ታይሎች ብቅ አሉ። ደግነቱ አንደኛው ልጅ አየና «አቁሙ!» አለ። በዚያ ዘመን የተሠሩ ባለ 9 ኢንች ታይሎች ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ የሚባል ለሳንባ አደገኛ የማዕድን ቃጫ አለባቸው፤ የተጣበቁበት ጥቁር ሙጫም ጭምር። አስቤስቶስ ሳይነካ ከተቀመጠ ያን ያህል አያሰጋም፣ ሲሰበርና ሲፋቅ ነው ብናኙ ወደ ሳንባ የሚገባው። ናሙና ላቦራቶሪ ላክን። አለበት አሉን። ያለው ምርጫ ፈቃድ ባለው ድርጅት ማስነሳት ወይም ሳይነኩ በላዩ ላይ መሸፈን ነው። የማስነሻውን ዋጋ ስንሰማ መሸፈኑን መረጥን። አሮጌ ቤት የገዛችሁ እባካችሁ ሳታስመረምሩ አትፈንቅሉ፣ ምርመራው ከሌላው ወጪ አንጻር ምንም ማለት አይደለም።

በዚህ የኦክ ሕልሜ ሞተ። ኦክ በሚስማር ነው የሚመታው፣ ሚስማሩ ደግሞ ያንኑ ታይል ይበሳል። ቁመቱም አላወጣም። ካቢኔቱ ከቆመበት ወለል እስከ ካውንተሩ ስር ያለው ክፍተት 34 ኢንች ተኩል ነው፣ ዲሽዋሸር 34 ገደማ ይፈልጋል። የኦኩ ውፍረት ሦስት አራተኛ ኢንች ነው፣ ሲቀነስ 33 ከሦስት አራተኛ። ዲሽዋሸሩ አይገባም። ይባስ ብሎ ወለሉ የሚነጠፈው ዲሽዋሸሩ ከገባ በኋላ ከሆነ እዚያው ይታሰራል፤ አንዲት ጓደኛዬ ቤት እንዲህ ሆኖ ሲበላሽ ድንጋዩን አንስተው ነው ያወጡት።

እማዬ ሴራሚክ አለች፣ አዲስ አበባ እንደለመደችው። ሴራሚክ ከስሩ ሌላ ሰሌዳ ይፈልጋል፣ ሰሌዳው ብሎን ይፈልጋል፣ ብሎኑ ታይሉን ይበሳል። ጥር ላይ ባዶ እግር ሲረግጡት ደግሞ ቅዝቃዜው አናት ድረስ ነው። ስለዚህ የቀረን ተንሳፋፊ ወለል ነው፣ ማለትም ሳይቸነከርና ሳይጣበቅ እርስ በርሱ ብቻ እየተቆላለፈ የሚነጠፈው። ሁሉም ሰው ቪኒል ውሰዱ አለን። እንጨት መሳይ፣ ውሃ የማይፈራ፣ ዋጋው ደህና። መጥፎ አይደለም፣ ከወሰዳችሁ የላይኛው መከላከያ ልባሱ 20 ሚል የሆነውን ውሰዱ (ሚል የኢንች አንድ ሺህኛ ነው፣ ሚሊ ሜትር አይደለም)። እኔ ግን ሻጩ በሕይወቱ ተጠይቆ የማያውቅ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ፍም ቢወድቅበትስ?

ቡናችንን የምናፈላው በስቶቭ ነው፣ ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል። ዕጣኑን ግን መስኮት ከፍተን በአንዲት ፍም እናጨሳለን። ያቺ አንዲት ፍም ደግሞ በዓመት አንዴ ሁለቴ ከማጨሻው ትወድቃለች፣ አትቀርም።

ከሱቅ ናሙና ቁርጥራጮች ለምኜ አመጣሁና ውጭ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። እማዬ በጉጠት ፍም እያነሳች አንድ በአንድ አሳረፈችባቸው፣ ፊቷ የዳኛ ፊት ነበር። ቪኒሉ ወዲያው ቀልጦ ጎደጎደ፣ ሽታውም ጎረቤት ደረሰ። እንጨቱ ጠቆረ። ሊኖሊየሙ ላይ የቀረችው ቡናማ ነጥብ ናት፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሳሻት አብዛኛዋ ለቀቀች።

ሊኖሊየም ሲባል ብዙ ሰው ፕላስቲክ ይመስለዋል። በ1860ዎቹ ፍሬደሪክ ዋልተን የተባለ እንግሊዛዊ የፈለሰፈው ነው፤ የተልባ ዘይት ከዛፍ ሙጫ፣ ከቡሽና ከእንጨት ዱቄት ጋር ተደባልቆ ጆንያ በመሰለ ጨርቅ ላይ ይዳመጣል። ስሙ ራሱ ከላቲን የመጣ ነው፣ ተልባና ዘይት ማለት ነው። «ተልባ?» አለች እማዬ። «ወለሉ ከተልባ ነው የተሠራው?» ከዚያ ወዲያ የሌላ ወለል ስም መስማት አልፈለገችም። ደግሞም ከመቶ ዓመት በፊት በብዙ የአሜሪካ ገጠር ኪችን ውስጥ ይነጠፍ የነበረው እሱ ነበር፣ ፎቶዎቼ ላይ ግን አንድም ቦታ አላየሁትም።

እየተቆላለፈ የሚነጠፈውን ወሰድን፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከ34 ኢንች ተኩሉ ሲቀነስ ለዲሽዋሸሩ አንዲት ጣት የማትሞላ ትርፍ ይተርፋል፣ ገባ። ቀለሙ ግራጫና ክሬም ነው፣ እንደ ዳማ ገበታ። ካቢኔቶቹ ቀድመው ቆሙ፣ ወለሉ በኋላ መጥቶ ዙሪያቸውን ያዘ፤ ተንሳፋፊ ወለል እንደ አየሩ ስለሚሰፋና ስለሚጠብ ካቢኔት ከተጫነበት ይነሳል። ዲሽዋሸሩ ስር ግን ገብቷል፣ ሲበላሽ እንዲወጣ።

ነውር የለውም አልልም። ብርሃን ሳያገኝ የቆየው ቦታ ቢጫ ይላል፣ ብርሃን ሲያየው ይመለሳል። ውሃ ተኝቶበት ማደር የለበትም። በረኪናና አሞኒያ ያለበት ነገር ደግሞ ይበላዋል፣ በለዘብተኛ ሳሙና ብቻ ነው የሚጸዳው።

ቤታችንን ለሁለት የከፈለው ይሄ የመጨረሻው ነው። እማዬ በበረኪና ያልታጠበን ወለል ታጥቧል ብላ አታምንም። ጠርሙሱን ወስጄ ጋራዥ ደበቅኩት፣ ላቫንዲኖው ከርሞበት የነበረው ጥግ። ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። እሷ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆማ እንጀራ እያወጣች ነው። ሳልጠይቃት «ላቫንዲኖውን ነው ያጠብኩት» አለችኝ። ወለሉ እስከ በሩ ድረስ እርጥብ ነው።